«አቋቋምኩ» ማለት ያቃተኝ ቀን

በሕይወቴ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ሠራሁ ብዬ ግን አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። አርባ ዓመቴን ልደፍን ስቃረብ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀኝም ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው፤ ሲቪ የሚሉት ወረቀት። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልወደውም። አንድ ሰው ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ራሱ እየጻፈ በየመስመሩ ራሱን ሲያወድስ ሳይ ለእሱ እኔ አፍራለሁ። ያን ጊዜ ግን የማፈር መብት አልነበረኝም፤ ሥራ ካላገኘሁ ልጄ ከእጄ ልትሄድ ነበር።

የሠራሁት ከቴፒ ወጣ ብሎ ጫካው መሀል በነበረ አንድ የቡና እርሻ፣ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ነው። የገባሁት በቀን ሠራተኝነት፣ ከረጢት ልሞላ ነበር። የጫካ አፈር ይመጣል፣ ይነፋል፣ ከፍግና ከአሸዋ ጋር ይደባለቃል፣ በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ይሞላል፣ ከረጢቱ መደብ ላይ ይደረደራል፣ ከላይ የሣር ዳስ ይሠራለታል። ከዚያ ፍሬው ይዘራል። ቡቃያዋ የፍሬዋን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍታ ቀጥ ብላ ብቅ ስትል «ወታደር» እንላታለን። ወታደሮቹ ጠዋት በየመደቡ ተሰልፈው ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

ጣቢያው ውስጥ የነበርነው ሴቶች ከየአቅጣጫው የተሰባሰብን ነን። ቤንችኛ ተናጋሪ አለች፣ ሸኮኛ ተናጋሪ አለች፣ ከካፋ የመጣች አለች፣ ባሏን ተከትላ ከከምባታ የመጣች አለች። የእኔ ወላጆች ደግሞ ከሰሜን መጥተው ሚዛን ተፈሪ የከተሙ ናቸው። የሚያግባባን አማርኛ ነው፤ እሱም ለአብዛኞቹ ገበያ ውስጥ የለቀሙት አማርኛ ነው። ስለዚህ እዚያ ትእዛዝ በአፍ አይሰጥም ነበር። ዳሱ መጠገን ካለበት ሣሩን ተሸክሜ መሰላሉ ላይ እወጣለሁ፤ አንዷ ታየኝና ትከተለኛለች፤ ሌላዋ እሷን ትከተላለች። «ተነሱ» ሳልል እነሳለሁ፣ «እንሂድ» ሳልል እሄዳለሁ፣ ዞር ስል ሁሉም ከኋላዬ ናቸው። ይህ ምን ይባላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ስም እንዳለው የነገረችኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ እሷም በጣም ዘግይታ ነው።

የጣቢያው ኃላፊ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ ሰው የማያስቀይሙ። ብዙውን ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አንድ ቀን ሚዛን፣ ሌላ ቀን ጅማ። በኋላ ደግሞ ኩላሊታቸውን ታመሙና ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ብዙ ቆዩ። ያ ክረምት ነው ወንዙ ሞልቶ ጣቢያው ውስጥ የገባው። ታችኛው መደብ ላይ የነበሩት ችግኞች ጭቃ ውስጥ ተኙ። ማንም ምን አድርጉ ያለን የለም። ከረጢቶቹን በገንዳ እየሞላሁ በአናቴ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ፤ ሴቶቹ ተከተሉኝ። እላይ ያለውን መሬት መነጠርን፣ መደብ አወጣን፣ ዳስ ሠራን፣ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ቆፈርን። ክረምቱ ሲወጣ ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነበር።

ጋሼ ከስተው፣ ከዘራ ይዘው ተመለሱ። ዳገቱ ሥር ቆመው ብዙ አዩትና «እንዳልኩት አደረጋችሁት» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከዓመታት በፊት አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ «ይሄ ቦታ ዝቅ ይላል፤ አንድ ቀን ወደ ላይ መውሰድ ነው» ብለው ነበር። ያን ያስታወሱት ይመስለኛል። እኔም ደስ አለኝ። ሪፖርቱ በእሳቸው ስም ሄደ፤ በማን ስም ሊሄድ ኖሯል? እኔ እንኳን ላዝን፣ ተመልሰው መምጣታቸው ነው ያስደሰተኝ።

ምክንያቱም ለእኔ ጋሼ አለቃ ብቻ አልነበሩም። ባለቤቴ የሞተው ልጄ ገና በጡት ሳለች ነው። ልጄ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጣባት። ዓይኗ ተገልብጦ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ዝናቡ ደግሞ አያባራም። የእርሻው መኪና ያለ ፈቃድ ከግቢ አይወጣም፤ ሾፌሩም እምቢ አለ። ጋሼ ቁልፉን ከእጁ ወስደው፣ ያንን የቴፒ–ሚዛን ጭቃ ራሳቸው ነድተው፣ ልጄን በእቅፋቸው ይዘው ሆስፒታል ገቡ። ሸሚዛቸው ላይ አስመለሰችባቸው። «አይዞሽ ልጄ» ይሉ ነበር፤ ለማን እንደሚሉት፣ ለእኔ ይሁን ለእሷ፣ አላወቅሁም። ልጄ ዳነች። ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ «ልጅቷ ደህና ናት?» ብለው ነው።

ዓመታት አለፉና እርሻው ወደ ግል ዞረ። ጋሼ ጡረታ ወጡ። አዲሶቹ ባለቤቶች ሠራተኛ ሲቀንሱ እኔም ተቀነስኩ። የሰጡኝ የምስክር ወረቀት «የተመደበችበትን ሥራ በታዛዥነት፣ በታማኝነትና በመልካም ሥነ ምግባር ስታከናውን ቆይታለች» ይላል። ያን ጊዜ ጥሩ ወረቀት መስሎኝ ነበር። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ልጄን ይዤ፣ ሚዛን ተፈሪ እህቴ ጋ ገባሁ። እህቴ አስተማሪ ናት፤ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነበር የምትኖረው።

እዚያ ቤት ክረምቱን በሰላም ሳንከርም እህቴ ሩቅ ወዳለው ቱም ከተማ ተዛወረች። መስከረም ላይ ሥራ መጀመር አለባት፤ ቤቱን ትለቃለች። የባለቤቴ እህት ደግሞ ጅማ ትነግዳለች፤ ልጅ አልወለደችም። ልጄን እንድሰጣት ከዚያ በፊትም ትጠይቀኝ ነበር፤ አሁን አጥብቃ ያዘችኝ። «እኔ ጋ ትምህርቷን ትማር፤ አንቺ ምን ይዘሽ ታስተምሪያታለሽ?» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ጥያቄዋም ተገቢ ነው። ልጄ ግን ይህን በሰማች ማግስት ልብሷን ሁሉ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ የእኔ የልብስ ሣጥን ውስጥ ከተተች፤ የእኔ ከእሷ፣ የእሷ ከእኔ ተደበላልቆ።  እኔም ሳልለየው ሣጥኑን ዘጋሁት።

ማስታወቂያውን ያየችው እህቴ ናት። አንድ ፕሮጀክት ለገበሬዎች የተሻሻለ የቡና ችግኝ ሊያከፋፍል ቴፒ ላይ ጣቢያ ይከፍታል፤ የችግኝ ጣቢያ አስተባባሪ ይፈልጋል፤ የትምህርት ደረጃ ከልምድ ጋር፤ አመልካቾች ሲቪ ያቅርቡ። እህቴ እየሮጠች ነው የመጣችው፤ መምህርት ሆና መንገድ ላይ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። «እታለም፣ ይሄ ሥራ ያንቺ ነው፤ ስምሽ ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ።

እህቴ ኮሌጅ ሳለች ስለ ሥራ አፈላለግ ሥልጠና ወስዳለች። ከዚያ ሥልጠና የቀራት አንድ እምነት ነው፤ ሰው የሚቀጠረው በግስ ነው የሚል። «ስም ማንም አለው፤ ቅጽል ጉራ ነው፤ አስቀጣሪው ግሱ ነው» ትላለች። ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠችኝና እስክሪብቶ ይዛ እንደ ፖሊስ መረመረችኝ።

«ምን ትሠሪ ነበር?»

«የችግኝ ሥራ።»

«እሱ ስም ነው። ግስ ስጪኝ።»

«አገዝኩ።»

«ማንን?»

«ጋሼን። ሴቶቹን። እርስ በርስ እንተጋገዝ ነበር።»

«አገዝኩ የሚል ሲቪ የተሸካሚ ሲቪ ነው። ሌላ።»

«ተሳተፍኩ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ልጄ አልጋ ላይ ተጋድማ ትስቃለች። «ጎርፉ ሲመጣ ጣቢያውን ማን ነው ዳገት ያወጣው?» አለች እህቴ። «እኛ ነን» አልኳት። «ቀድሞ የተሸከመው ማን ነው?» «እኔ ነኝ።» «ቦታውን የመረጠው?» «ዳገቱ ቅርብ ነበር» አልኩ። «እታለም፣ ቦታውን የመረጠው ማን ነው?» «እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።» «በቃ» አለችና ጻፈች፤ «የጎርፍ አደጋ የደረሰበትን የችግኝ ጣቢያ ከነበረበት አንስቼ በአዲስ ቦታ አቋቋምኩ።»

ስታነብልኝ ጆሮዬ ጋለ። የሌላ ሰው ጫማ ያደረግኩ መሰለኝ። አቋቋምኩ የሚለው ቃል ለእኔ የሚኒስትር ቃል ነው፤ ሪባን የሚቆርጡ ሰዎች ቃል ነው። ውሸት ነው እንዳልል ደግሞ ውሸት አይደለም። ሴቶቹን ከኋላዬ ያስከተልኩት «መራሁ» ሆነ። አዲስ ለሚገቡት ከረጢት አሞላል ሳሳይ የኖርኩት «አሠለጠንኩ» ሆነ። የታመመውን ችግኝ ለይቼ ያቃጠልኩት «በሽታን ተከላከልኩ» ሆነ። እህቴ ያልጨመረችው ነገር የለም ማለት እችላለሁ፤ የሌለ ነገር ግን አንድም አልጨመረችም። ይህን የምጽፈው በኋላ ዋሸች የሚሉ ስለነበሩ ነው።

ወረቀቱን አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወሰድነው። ባለቤቱ ወሬኛ ወጣት ነው፤ መብራት ሲጠፋ እየጠበቅን የስንቱን ሲቪ ነገረን። ለጥበቃ ሥራ የሚያመለክቱ የቀድሞ ወታደሮች እሱ ጋ ይመጣሉ አለ፤ ተዋጋሁ፣ ማረክሁ፣ ደመሰስኩ ብለው ያጽፋሉ፤ ቦታው ደግሞ የትምህርት ቤት በር ነው። ሳቅን። የእኔን ጽፎ ሲጨርስ ግን ቀና ብሎ አየኝና «እናት፣ ይሄን ሁሉ የሠሩት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። «እሷ ናት!» አለች እህቴ፤ እኔ አፌን እስክከፍት አልጠበቀችም።

ለፈተና ሲጠሩኝ ቤታችን ሰርግ መሰለ። ቀሚስ ተዋስኩ። ማታ ማታ ከራት በፊት ልጄ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ የእህቴን መነጽር አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ፈታኝ ትሆናለች። «ወይዘሮ፣ ምን አቋቋሙ?» ትለኛለች ድምፅዋን አወፍራ። መጀመሪያ ሳቅ ብቻ ነበር መልሴ። ከዚያ «አቋ...» ብዬ እቀራለሁ። ከዚያ አንድ ቀን አፌን ሞልቼ «የችግኝ ጣቢያ አቋቋምኩ! ጎርፍ ነበር፤ ቦታውን መርጬ፣ ሴቶቹን መርቼ አቋቋምኩ!» አልኩ። ልጄ መነጽሩን አውልቃ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ፈታኝ መሆን አላስፈለጋትም፤ «አለፍሽ» አለችኝና ለጅማዋ አክስቷ ስልክ ደውለን እንደማትሄድ እንድንነግራት ጠየቀችኝ። «ትንሽ እንጠብቅ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም አምኜ ነበር። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እገባለሁ፣ እናገራለሁ፣ እቀጠራለሁ፤ ከዚያ ቴፒ አንድ ክፍል እንከራያለን።

ቴፒ ደርሼ በፕሮጀክቱ ቢሮ በር ላይ ስሜ ሲጠራ የተዋስኩትን ቀሚስ አስተካከልኩ። በሩን ከፈትኩ። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ኮት የለበሰ፣ ከዋናው ቢሮ የመጣ ወጣት አለ። ከግራው አንዲት ማስታወሻ የምትይዝ ሴት አለች። ከቀኙ ጋሼ ተቀምጠዋል።

ፕሮጀክቱ አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጎ፣ በጡረታ ከተቀመጡበት ቤታቸው አማካሪ አድርጎ ጠርቷቸዋል። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ ያየሁት ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ ሲመጡ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ አልኩ፤ ትከሻዬን ይዘው አነሱኝና «ልጄ! አንቺ ነሽ እንዴ? ልጅቷ ደህና ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት ጋሼ፤ አድጋለች» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» አሉኝ፤ ቤታቸው የመጣሁ ይመስል።

ወጣቱ ደስ አለው፤ የሚያውቀኝ ሰው ስለተገኘ። ሲቪዬን አነሳ። «በጣም ጥሩ የሥራ ልምድ ነው» አለ። «እዚህ ላይ፣ የጎርፍ አደጋ የደረሰበትን የችግኝ ጣቢያ ከነበረበት አንስቼ በአዲስ ቦታ አቋቋምኩ ይላል። እስኪ ይህን ያስረዱን።»

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ፈገግ ብለው ያዩኛል። ፈገግታቸው ውስጥ ምንም ተንኮል የለም። ያን ጣቢያ እሳቸው እንደሠሩት ያምናሉ፤ እንዳልኩት አደረጋችሁት ብለዋላ። ለጎብኚ ሲያስጎበኙ ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። እንዴት ብዬ ነው እዚያው ፊታቸው፣ ለባዕድ ሰው፣ እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም የምለው? ልጄ ያስመለሰችበት ሸሚዝ ትዝ አለኝ።  ያጠናሁትን ሁሉ ተውኩት።

«ጋሼ ናቸው ያቋቋሙት» አልኩ። «እኔ አገዝኩ።»

ወጣቱ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «አቋቋምኩ ነው የሚለው።»

«አዎ። ማለቴ... ሁላችንም ነን። በእሳቸው አመራር።»

«ያኔ ጋሼ ጣቢያው ላይ ነበሩ?»

ይህን ጥያቄ ሌሊት ሌሊት አሁንም እሰማዋለሁ። ወጣቱ ሊያጠምደኝ አልጠየቀኝም፤ አሁን ሳስበው በር ሲከፍትልኝ ነበር። አልነበሩም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። አዲስ አበባ ታመው ተኝተው ነበር ብል ውሸት አይሆንም፤ ነውርም የለውም። ግን ጋሼ እዚያ ተቀምጠዋል፤ ፈገግታቸው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ለማስታወስ የሚሞክሩ ይመስላሉ። አንድ ትልቅ ሰው በሰው ፊት የራሱን ነገር ሲያጣ ማየት አልቻልኩም።

«እዚያው አካባቢ ነበሩ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ግሶቹ አንድ በአንድ ረገፉ። አሠለጠንኩ የሚለውን ሲጠይቀኝ «እርስ በርስ ተማማርን» አልኩ። መራሁ የሚለውን ሲጠይቀኝ «ሴቶቹ ራሳቸው ጎበዞች ናቸው» አልኩ። በሽታን ተከላከልኩ የሚለው ላይ ሲደርስ «መድኃኒቱን ጋሼ ናቸው ያዘዙት» አልኩ፤ መድኃኒት እንኳን አልነበረም፤ እሳት ነው የነበረው። የምናገረውን እሰማዋለሁ፤ ማቆም ግን አልቻልኩም። አንዱን መልሼ ሌላውን ብይዝ አንድ ነገር ይተርፈኝ ነበር። ሁሉንም መለስኩ። ወጣቱ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ፤ እንደተታለለ ሰው ነው የሚያየኝ። በእስክሪብቶው ሲቪዬ ላይ አሰመረ፣ አሰመረ።

ይሄኔ ጋሼ ሊያድኑኝ ተነሱ። የልጄን ሕይወት ባዳኑበት በዚያው ልብ መሆኑን እምላለሁ። «አንድ ነገር ልናገር» አሉ። «ይህችን ልጅ ከልጅነቷ አውቃታለሁ። ወርቅ ናት። ስንት ዓመት ከእኔ ጋር ስትሠራ አንድ ቀን ቃል መልሳልኝ አታውቅም። ያሏትን ትሠራለች፣ ካላሏት አትነካም። አንገቷን ደፍታ ነው የኖረችው። እንዲህ ዓይነት ታዛዥ ዛሬ አይገኝም።»

ሴትዮዋ ጻፈች። የፕሮጀክቱ ሰዎች የሚፈልጉት አስተባባሪ ነው፤ ማንም ሳያዘው የሚነሳ ሰው ነው። ጋሼ ደግሞ በምድር ላይ ካሉት ምስጋናዎች ሁሉ የሚበልጠውን መርጠው ሰጡኝ። እኔም እጄን ጭኔ ላይ አጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ያሉትን ሁሉ እያረጋገጥኩ ተቀምጫለሁ።

ስወጣ ተከትለውኝ ወጡ። በረንዳው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ደክሟቸዋል፤ ደስ ብሏቸዋልም። «አየሽ፣ አሞገስኩሽ አይደል?» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት ብል ማን ያምነኛል? ግን ከልቤ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ረግሜአቸው፣ አልቅሼ፣ ይወጣልኝ ነበር።

ሚዛን ስመለስ እህቴና ልጄ በር ላይ ቆመው ነበር። ፊቴን ሲያዩ አልጠየቁኝም። በኋላ ስነግራቸው እህቴ ጮኸች፤ «ቅሬታ አቅርቢ! ሴቶቹ ይመስክሩ! ሐኪም ቤት የተኙበትን ቀን ይመርምሩ!» አለች። «ማንን ልክሰስ?» አልኳት። «እሳቸውን ውሸታም ነዎት ልበል? ወይስ እኔ ራሴ እዚያ ቁጭ ብዬ የተናገርኩትን ዋሽቼ ነው ልበል?» እህቴ ተቀመጠች። ያቺን መነጽር ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተቻት። ብዙ ግስ የምታውቅ ሴት፣ ያን ቀን አንድም አላገኘችም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ አልነበረበትም። ይህን ለማየት ቴፒ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ሄድኩ።

ልጄ ወደ ጅማ የሄደችው ጳጉሜን ሲያልቅ ነው። ጠዋት መናኸሪያው ጭጋግ ነበር፤ አውቶቡሱ ጣራ ላይ የሰው ኮረሪማና የሰው ሙዝ ይጫናል፤ ረዳቱ ይጮኻል። ልብሷን ከእኔ ልብስ የለየሁት ዋዜማውን ነው፤ አንድ ሹራቧን ሳላየው ሣጥኑ ሥር ቀርቷል፤ ወይም አይቼው ትቼዋለሁ። መስኮቱ ሥር ቆሜ ስለ ብርድ፣ ስለ ትምህርት፣ አክስቷን ስለ ማክበር እነግራታለሁ።  ከዚያ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «እማዬ፣ እኔ ፊት ስትይው ቆንጆ አድርገሽ ብለሽው ነበር እኮ» አለችኝ።

«ጋሼ ባይደርሱልን አንቺ ዛሬ የለሽም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ያዳኑኝ ግን ካንቺ ጋር እንዳድግ መስሎኝ ነበር።»

አውቶቡሱ ተነሳ።  እጄን አውለበለብኩ። ጭጋጉ ቶሎ ሸፈናት።

እህቴ ቱም ሄደች፤ እኔ ቴፒ ተመለስኩ። ቡና ሲደርስ ለቀማ፣ ሳይደርስ አረም፤ የቀን ሥራ አላጣሁም። ልጄ ጅማ አድጋ፣ ተምራ፣ እዚያው ቀረች። በዓል ሲሆን ትመጣለች፤ እንደ እንግዳ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፤ ውኃ የት እንደማስቀምጥ ትጠይቀኛለች። አክስቷን እማ ትላታለች። ለመድኩት ልበል፤ አልለመድኩትም።

ጋሼን አንዳንድ ጊዜ ቴፒ ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ነው የሚለዩኝ። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን እስማለሁ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው «ልጅቷ ደህና ናት?» ይሉኛል።

«ደህና ናት ጋሼ፤ ጅማ ናት፤ አክስቷ ጋ ልኬአት እዚያው ቀረች» እላቸዋለሁ።

«ጎበዝ» ይሉኛል ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «ጥሩ አደረግሽ።»